ደግመህ አሽትተኝ

ማክሰኞ፣ የወሩ አሥራ አንደኛ ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ለልጄ፣

ስድስት ዓመት ሙሉ ጤናሽን ሳልጠይቅ ኖሬ ዛሬ ደህና ነሽ ወይ ብልሽ ያሳፍራል። ቢሆንም ደህና ነሽ ወይ? በዚያ በሰው አገር አውቶቡስ ስታጥቢ ውሃውን ያሞቁላችኋል ወይስ እንዲሁ በቀዝቃዛው ነው? እጅሽ እንደተሰነጣጠቀ ከአክስትሽ ሰምቻለሁ። ቅባት ተቀቢ፤ ጓንት ስጡኝ በያቸው፤ እንደ እኔ ግትር አትሁኚ። እኔ አለሁ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል እንጂ አካሌ ገና ይታዘዘኛል፤ ከአንዱ በቀር። የምጽፍልሽም ስለ እሱ ነው።

ደብዳቤ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ፊደል የቆጠርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን ከመለዋወጫ ካርቶን ላይ ነው። ስለዚህ እጄ የለመደው አጭር ነገር ነው፤ ገባ፣ ወጣ፣ ተበላሸ። ይሄኛው ግን በዚያ አልመለስ ብሎኝ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ቤቱ እንደተውሽው ነው። የጓሮው ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጆሮው ደክሞ ሬዲዮውን ለሰፈሩ በሙሉ ስለሚከፍት እኔ የራሴን ሸጫለሁ፤ ዜናውን ከአልጋዬ ሳልነሳ እሰማለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የምትሠሪበት ድርጅት ከእጥበት ወደ መሪ ሊያሳልፍሽ እንደሆነ፣ ለዚህም ከቀድሞ መሥሪያ ቤትሽ ለምን እንደወጣሽና በመጠጥ ተከሰሽ ታውቂ እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት እስከ ወሩ መጨረሻ እንደጠየቀሽ አክስትሽ ነገረችኝ። ወረቀቱን ከእኔ ሳይሆን ከእሷ ነው የጠየቅሽው። አልቀየምኩም። እሷም እኛ አውቶቡስ ድርጅት ቢሮ ሄዳ ጸሐፊዋን ስትጠይቃት፣ ጸሐፊዋ የስምሪት መዝገቡን ገልጣ ያለውን ልትገለብጥላት ተነሳች። ያለው ደግሞ በእኔ እጅ የተጻፈ አንድ ቃል ነው። በስምሽ ትይዩ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ፣ "ሽታ" ይላል።

አክስትሽ ወረቀቱን ሳትቀበል መጥታ ደጃፌ ላይ ቆመች። ግቢ ብላት አልገባ አለች። "ይሄን የያዘ ወረቀት እኔ አልክላትም" አለችኝ። "አንተው ጽፈህ አንተው ላክላት። እኔ የወንድሜን እንጂ የስምሪት ኃላፊውን ፊት ማየት ሰልችቶኛል።" እህቴ ባትሆን ኖሮ መልስ እሰጣት ነበር።

የጠዋቱን ሰልፍ አልረሳሽውም። ሾፌሮቹ በቁልፉ መስኮት ፊት ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱ አንገቱን አስግጎ "ሃ" ይላል፤ እኔ አሸታለሁ፤ ንጹሕ ከሆነ ቁልፉን ከሚስማሩ አውርጄ እሰጠዋለሁ፣ ካልሆነ መዝገቡ ላይ አሰፍረውና ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስሜን ትተው "አፍንጫው" ይሉኝ ነበር። ትናንት የጠጣኸውን ብቻ ሳይሆን ነገ የምትጠጣውንም ያውቃል እያሉ አዲስ ሰው ያስፈራሩብኝ ነበር። አልጠላሁትም። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኮራበት ነበር።

ዘንድሮ የመድን ድርጅቱ በአፍንጫ አልዋዋልም አለ። እያንዳንዱ ሾፌር የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ አድርጎ ማስረጃ ያምጣ የሚል ደብዳቤ መጣ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ፣ ልጅ እግር ነው ግን ሥነ ሥርዓት ያውቃል፣ ጠርቶኝ፣ "ጋሼ፣ በከተማችን እንዲህ ያለ ምርመራ የሚሠራ ቦታ ካለ ይፈልጉልን" አለኝ። በማግስቱ በወረቀት መለስኩለት። "በከተማው ውስጥ የለም" አልኩ። አልፈለግኩም። ከወንበሬም አልተነሳሁም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሲጠይቀኝ፣ አፍንጫዬ እያለ ምን ያስቸኩላችኋል ብዬ ሰዉን አሳቅኩት። ለምን እንዳልፈለግኩ ትንሽ ቆይቼ እነግርሻለሁ። ወደዚያ ለመድረስ ብርታት እያጠራቀምኩ ነው።

ከአንድ ወር ተኩል በፊት "ቀስ በል" የምንለው ሾፌር ተሰልፎ መጣ። ታስታውሺዋለሽ፤ መሪ የያዘውን ሁሉ ቀስ በል እያለ ሲመክር የሚውለው። "ሃ" አለ፣ አሸተትኩ፣ ቁልፉን ሰጠሁት። ከጋራዡ ወደ ኋላ ሲወጣ የትኬት ቢሮውን ግድግዳ ይዞት ገባ። ተሳፋሪ አልነበረም። ትኬት ቆራጯ ግን፣ ያቺ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው፣ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ትራፊክ ፖሊሱ የሾፌሩን በር እንደከፈተ ፊቱን አዞረ። "ሰውዬው በርሜል ነው እንዴ?" አለ። እሱ ሁለት እርምጃ ርቆ ሸተተው። እኔ ከአፉ አንድ ስንዝር ላይ ነበርኩ። የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ሥራ አስኪያጁ ቀስ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ጉንፋን ይዞዎት ነበር?" አለኝ። አዎ አልኩት። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተማሪ ዋሸሁ።

ትኬት ቆራጯን ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ስቃ ተቀበለችኝ፤ እግሯ በጄሶ ተሰቅሎ እሷ ትስቃለች። የእርስዎ ጥፋት አይደለም አለችኝ። ከዚያ በኋላ ነው ከወንበሬ የተነሳሁት።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ የምፈልገውን ስነግራት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅዎ ከሆነ አይጨነቁ፣ እኛ ምስጢር እንጠብቃለን አለች። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሰማ። አንዲት እናት ነጠላ ጫማዋን እያየች ከንፈሯን መጠጠችልኝ። ልጄ አይደለችም፣ ልጄ በሕይወቷ ጠጥታ አታውቅም ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ይሄን ቃል መጮህ የነበረብኝ እዚያ አልነበረም። ለማንኛውም ምርመራውን አይሠሩም፤ አራት ሰዓት ተሳፍሬ ትልቁ ሆስፒታል እንድሄድ ነገሩኝ።

ቀጥዬ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ነገሬን ሳልጨርስ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝና አንድ ትንሽ ሳጥን በጋዜጣ ጠቅልሎ ኪሴ ከተተልኝ። አውጥቼ ሳነበው የእርግዝና መመርመሪያ ነው። የሽንት ምርመራ አላሉም እንዴ አለኝ። "ሃያ ስምንት ሾፌር ነው ያለኝ፣ ሁሉም ወንዶች ናቸው" አልኩት። "እንግዲያው ሁሉም ነጻ ናቸው" አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳጥኑን ፊቱ ላይ ወርውሬ እወጣ ነበር። ያን ዕለት ግን ሁሉም ወንዶች ናቸው ያልኩትን ራሴ ሰምቼ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ መልሼ ወጣሁ። አንድ ሴት ነበረችን።

ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ደግሞ የትንፋሽ መለኪያ አላቸው፤ መሳቢያ ውስጥ። የሚነፋበት ፕላስቲክ ካለቀ ዓመት አልፎታል። አዛዡ ወንበር ስቦልኝ፣ "እኛም በአፍንጫ ነው የምንሠራው ጋሼ፣ ከእርስዎ ነው የተማርነው" አለኝ። ሊያከብረኝ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስዞር የመነጽሬ እግር ተሰበረ። ላስጠግን መነጽር ቤት ገብቼ እየተነጫነጭኩ ለሰውዬው ብነግረው፣ ወደ ጓዳው አመለከተኝ። አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ማክሰኞና ዓርብ ከትልቁ ከተማ እየመጣች እዚያ ትሠራለች። ውጭ ምልክት የለም። ለምን አትለጥፉም ስለው፣ ሰዉ እንዳያፍር ነው አለኝ፤ መነጽር የሚያሠራ መስሎ ይገባል። ከቤቴ ሰባት ደቂቃ የሚያስኬድ ቦታ ነው። የለም ብዬ የጻፍኩት ነገር ሰባት ደቂቃ ርቀት ላይ ነበር።

ሾፌሮቼን ሳልሞክረው ወደማላውቀው ቦታ አልልክም ብዬ ራሴ ተራ ያዝኩ። ባለሙያዋ ካንቺ ብዙም አትበልጥም። በመሣሪያው አስነፋችኝ። ለዕፁ ደግሞ ብልቃጥ ሰጥታኝ፣ ኪሴን ፈትሻ፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ሰማያዊ አድርጋ፣ ሰው ውሃ እንዳይቀላቅል ነው አለችኝ። ደሜ ፈላ። እኔ አጭበርባሪ እመስላለሁ ወይ አልኳት። "እኔ ፊት አላይም አባባ" አለች፣ ስሜን ብልቃጡ ላይ እየለጠፈች። "ለሁሉም እንደዚሁ ነው።" ይህን ያለችው እንደ ቀላል ነገር ነው። እኔ ግን ቤቴ ድረስ ይዤው ሄድኩ።

ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር ሆነ። ውጤት ልቀበል አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ ሳነብ የስፒሪት ጠርሙስ ከጠረጴዛዋ ወድቆ እግሬ ስር ተሰበረ። አጠገቤ የነበረው ሰው አፍንጫውን ይዞ ተነሳ። ሕፃን ያዘለች ሴት ወደ ውጭ ሮጠች። እኔ ገጽ ገለበጥኩ። ቀና ስል ክፍሉ ውስጥ እኔና ባለሙያዋ ብቻ ቀርተናል፤ መጥረጊያ ይዛ ታየኛለች። ጥጥ ፈሳሹ ውስጥ ነክራ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችው።

"አባባ፣ ይሄ አይሸትዎትም?"

ጋዜጣዬን አጠፍኩ።

"ስንት ጊዜ ሆነዎት?"

ዛሬ ጉንፋን ይዞኝ ነው አልኩ። ደግሜ። እሷም አልተከራከረችኝም። ወረቀቴን ስትሰጠኝ፣ ይታከሙት፣ አንዳንዱ ይመለሳል፣ ዓመታት ከቆየ ግን ያስቸግራል አለች። ውጤቴ ንጹሕ ነበር። ንጹሕ የሚል ወረቀት ይዤ እንደዚያ ቆሽሼ አላውቅም።

ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ለእሷ ያልነገርኳትን ላንቺ እነግርሻለሁ። ወተቱ ያረረ ዕለት ታስታውሻለሽ? እናትሽ ገና ጤነኛ ነበረች። እኔ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ራዲያተር እጠግናለሁ፤ እናንተ ከጓሮ እየሮጣችሁ ስትገቡ ቤቱ በጭስ ተሞልቷል። እናትሽ፣ አፍንጫው ወተት አመለጠው ብላ ስትስቅ አንቺም አብረሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅኩ። ያን ዕለት ነው ያወቅኩት። ስምንት ዓመት ሆነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ያ መስኮትና ያ ሰልፍ ከተወሰዱብኝ ምን ይቀረኛል ብዬ ነው። በዓይኔ መሥራት ጀመርኩ። አረማመዳቸውን፣ እጃቸውን፣ የዓይናቸውን መቅላት አይቼ እያሸተትኩ አስመስዬ እፈርድ ነበር። ብዙ ጊዜ ይሳካልኝ ነበር፤ ያሳሳተኝም እሱ ነው። ምርመራ የለም ብዬ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። መሣሪያ ከመጣ እኔ ምን እንደሆንኩ ይታወቃል።

አሁን ቁጠሪው። ወተቱ ያረረው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። አንቺን ከሰልፉ ያወጣሁሽ ከስድስት ዓመት በፊት ነው።

በዋዜማው "ረጅሙ" የምንለውን ሾፌር ቁልፍ ከልክዬው ነበር። ሾፌሮቹ ሁሉ እየሰሙት፣ እስቲ ልጅህንም እንደ እኛ አሽትት፣ እሷን እኮ አንገቷን እንኳ ሳታሰግግ ነው የምታሳልፋት አለኝ። ሌሊቱን ስብሰለሰል አደርኩ። ጠዋት ስትመጪ ዓይንሽ ቀልቶ ነበር። ከኋላሽ አንዱ ሆን ብሎ ሳለ። ሁሉም እኔን ያያል። ቁልፉን ብሰጥሽ ለሥጋው አደላ ሊሉኝ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ አደላ ተብዬ አላውቅም። "መጠጥ መጠጥ ትያለሽ" አልኩሽ።

አንቺም አልጮህሽም። መስኮቱ ላይ ጠጋ ብለሽ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ "አባዬ፣ ደግመህ አሽትተኝ" አልሽኝ።

ቀጣይ ብዬ ጮህኩ።

ልጄ፣ ሺህ ጊዜ ደግሜ ባሸትሽ ያው ነበር። ያን ጠዋት ምንም አልሸተተኝም። ዓይንሽ ለምን እንደቀላም አውቅ ነበር። እናትሽ ታማ በተኛችበትና በእኔ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታገላብጫት፣ ውሃ ስታጠጫት፣ ስትዘፍኚላት ሰምቻለሁ። እየሰማሁ ተኝቼ፣ ጠዋት ተነስቼ መዝገብ ላይ ሽታ ብዬ ጻፍኩ። እናትሽን ከቀበርን በኋላ ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪም በሩን የከፈትኩልሽ እኔ ነኝ። ቆይ አላልኩሽም።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት በመስኮቱ ውስጥ ሳይሆን በውጭ በኩል፣ ሾፌሮቹ በሚቆሙበት ቦታ ቆምኩና ነገርኳቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ እንደማላሸት፣ ከዛሬ ጀምሮ ቁልፍ እንደማልሰጥ፣ ምርመራው የት እንደሆነ። ከዚያ ረጅሙ፣ "ጋሼ፣ ታዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ስታሸት ነበር?" አለ። "ፊታችሁን" አልኩት። ከኋላ አንዱ ሳቀና አፉን ያዘ።

መዝገቡን አስመጥቼ ያንቺን ገጽ ገለጥኩ። መዝገብ እንደማይሰረዝ ታውቂያለሽ፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሳልሰርዝ ከስሩ በቀይ ጻፍኩበት፣ ጮክ ብዬም አነበብኩላቸው። ስጨርስ ረጅሙ ባርኔጣውን አወለቀ። "ያኔ ልጅህን አሽትት ያልኩህ እኔ ነኝ" አለኝ። "እሷ እንዳልጠጣች እዚህ የነበርነው ሁላችንም እናውቅ ነበር። የማታውቀው አንተ ብቻ መስሎን ነው ዝም ያልነው።"

እኔም አውቅ ነበር አልኩት።

ሥራ አስኪያጁ ጡረታ ውጣ አላለኝም። ማክሰኞና ዓርብ ሾፌሮቹን በአራት በአራት እየወሰድኩ መነጽር ቤቱ አግዳሚ ላይ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ቀስ በልም መጠጡን ሊተው እየታገለ ነው፤ መሪ ባይሰጡትም በየተራው አብሮን ይመጣል። ምልክቱን ለጥፉ ብዬ እየተከራከርኩ ነው። ዛሬም ከዚያው እየመጣሁ ነው የምጽፍልሽ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ወረቀት አለ። አንደኛው የመዝገቡ ግልባጭ ነው፣ የድርጅቱ ማህተምና የሥራ አስኪያጁ ፊርማ አለበት። በቀዩ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ "ይህች ሾፌር በዚህ ዕለትም ሆነ በሌላ ቀን ጠጥታ አልተገኘችም። ከላይ የተጻፈው ሐሰት ነው። የጻፈው የስምሪት ኃላፊው ሲሆን ሐሰት መሆኑን እያወቀ ነው የጻፈው።" ሥራ አስኪያጁ፣ "በስህተት ነው የጻፈው" ብንለው አይሻልም ወይ ብሎኝ ነበር። አይሻልም አልኩት። ሁለተኛው የሥራ ልምድሽ ነው፤ አራት ዓመት ከሰባት ወር፣ ያለ አንድ ጭረት። ቃሉን አስተርጉመሽ ለአለቆችሽ ስጫቸው። አባቴ ነው ለማለት ካፈርሽ የቀድሞ አለቃዬ ነው በያቸው፤ እውነት ነው።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም። መልስ እንድትሰጪኝ ማስገደድ ይሆንብኛል። የያዝሽው መሪ ይታዘዝሽ፤ ፍሬንሽ አይክዳሽ፤ የምትጭኛቸው ሁሉ ወጥተው እስኪገቡ መንገዱ ይቅናሽ። እኔ ያላገኘሁትን የወላጅ ልብ ለልጆችሽ ብሎ ላንቺ ይስጥሽ።

አንድ ነገር ረስቼ። የሥራ ጃኬትሽ አሁንም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። አክስትሽ አቧራ ጠጥቷል፣ ልጠበው ብላ ወስዳው ነበር፤ ከእጇ ተቀብዬ ሰቀልኩት። ምን ያደርግልሃል፣ አይሸትህ አለችኝ። አንቺ ስትመጪ ታጥቢዋለሽ።

አባትሽ